ድራም ማሽን ከኪቦርድ ጋር፦ የፈለግከው ድምፁን ነው ወይስ አመታቱን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሠርግና መልስ ላይ ብቻዬን የምጫወት ኪቦርዲስት ነኝ። ያለኝ ያማሃ ፒኤስአር-ኤስኤክስ700 ነው። የስታይሉ (ኪቦርዱ በራሱ የሚያጅበኝ ዝግጁ ምት) ድራም ሲሰለቸኝ ያገለገለ አሌሲስ ኤስአር-16 ድራም ማሽን ገዛሁ። የሁለቱንም ቴምፖ (ፍጥነት) 120 ላይ አድርጌ እኩል ሳስጀምራቸው ዘፈኑ ሳይጋመስ ይለያያሉ። ሚዲ ገመድ (የሙዚቃ መሣሪያዎች መልእክት የሚለዋወጡበትን) ስሰካ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ፤ ሜሎዲ ስጫወት ድራም ማሽኑ አብሮኝ ይንጫጫል። ችክችካ ስሞክርማ ጭራሽ አይገናኙም። ምን ይሻለኛል? ወይስ ይህን ሸጬ ዘመናዊውን ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለመሸጥ አትቸኩል። የነገርከኝ ሦስት ችግር ነው፤ የሦስቱም ምክንያት ለየብቻ ነው። አንዱም ገንዘብ አያስወጣህም።

ሴቲንግ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር ወስን። ከዚህ ማሽን የፈለግከው ምንድን ነው? የኪኩንና የስኔሩን ድምፅ ነው? ወይስ ማሽኑ ራሱ የሚመታውን ምት?

ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ድምፁን ብቻ ከፈለግክ መቺው የኪቦርድህ ስታይል ነው። ድራም ማሽኑ ድምፅ ያውሰዋል፣ በቃ። አመታቱን ከፈለግክ ግን ማሽኑ የራሱን ፓተርን፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚሄድ ምት፣ ይጫወታል። ከኪቦርዱ የሚቀበለው ፍጥነቱን ብቻ ይሆናል። ገመዱ በሁለቱም አንድ ነው፤ ሴቲንጉ ግን ተቃራኒ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱንም መንገድ ሳያውቀው አንድ ላይ ይከፍታቸዋል። አንተም ጋ የሆነው ይኸው ይመስለኛል።

በመለያየቱ ልጀምር። ሁለቱም ስክሪን ላይ 120 ስለተጻፈ እኩል ይሄዳሉ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ መሣሪያ ጊዜ የሚቆጥረው በራሱ ውስጥ ባለ ሰዓት ነው። አንዱ በትክክል 120፣ ሌላው 120.1 ቢሆን በየደቂቃው የቢት አንድ አስረኛ ይበላለጣሉ። 120 ላይ አንድ ቢት ግማሽ ሰከንድ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ በደቂቃ 50 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ሁለት ኪኮች በዚህን ያህል ሲለያዩ ጆሮ እንደ አንድ ምት አይቀበላቸውም፤ "ዱዱም" ነው የሚሰማህ። በሦስተኛው ደቂቃ 150 ገባ። ሙሽሮች ሲገቡ የሚጫወተው ሙዚቃ ደግሞ በሦስት ደቂቃ አያልቅም። በእጅ እኩል ማስጀመርን እርሳው፤ ጣትህ የቱንም ያህል ቢፈጥን ይህን አያስተካክለውም።

መድኃኒቱ ሚዲ ክሎክ ነው። ሚዲ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ ከዋና ዋና ጉዳዮቹ አንዱ ይኸው ነበር፤ የተለያየ ኩባንያ የሠራቸው ዕቃዎች በአንድ ቴምፖ እንዲሄዱ። መሪው መሣሪያ በእያንዳንዱ ኳርተር ኖት (የ4/4 አንድ ቢት) 24 ምልክት ይልካል። ተከታዩ የራሱን ሰዓት ትቶ እነዚያን ምልክቶች ይቆጥራል። ከእነሱ ጋር ጀምር፣ አቁም፣ ካቆምክበት ቀጥል የሚሉ ትእዛዞችም ይሄዳሉ።

ክሎክን እንደ አጨብጫቢ ቁጠረው። ያጨበጭባል፤ አዝማቹ ደርሷል፣ ፊል (መሸጋገሪያ ምት) ምታ፣ ኮርዱ ተቀይሯል አይልም። ይህን ያዝልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሰካኩ እንዲህ ነው። ከኪቦርዱ ጀርባ ሚዲ አውት ከሚለው ባለ አምስት እግር ቀዳዳ ተነስተህ ድራም ማሽኑ ላይ ሚዲ ኢን ወደሚለው ሂድ። አንድ ገመድ ብቻ። የመልሱን ገመድ አትስካ፤ አያስፈልግህም። ከሰካኸው ደግሞ መልእክቱ እየተሽከረከረ ኖት ሊደርብብህ ይችላል። አውት ከአውት ጋር ማገናኘትም አይሠራም። ቀልድ አይደለም፤ ችኮላ ላይ የሚሰካው እንደዚያ ነው።

ቀጥሎ ኪቦርዱ ላይ ሜኑ፣ ከዚያ ሚዲ፣ ከዚያ ሲስተም የሚለውን ገጽ ክፈት። ክሎክ የሚለው ኢንተርናል ላይ ይሁን። ትራንስሚት ክሎክ የሚለውን ኦን አድርግ። ይህ ኦፍ ከሆነ ክሎኩም፣ የጀምርና የአቁም ትእዛዙም አይወጣም። ድራም ማሽኑ ላይ ደግሞ ሚዲ ሴትአፕ ውስጥ ገብተህ ክሎኩን ከውስጥ ወደ ሚዲ ቀይር። ከዚህ በኋላ የድራም ማሽኑን ስታርት አትንካ። ኪቦርዱ ላይ ስታይሉን ስታስነሳ አብሮ ይነሳል።

ስታይሉ ድንገት አልነሳ ካለህ አትደንግጥ። ኪቦርዱ ላይ ክሎኩን በስህተት ወደ ሚዲ አዙረኸዋል ማለት ነው። ያማሃ በዚያ ሁኔታ ከውጭ ክሎክ ካልመጣለት ስታይልም፣ ሜትሮኖምም አያጫውትም። ኪቦርዱ ተበላሸ ብሎ ወደ ጠጋኝ የሚሮጥ ሰው ብዙ ነው። ወደ ኢንተርናል መልሰው፤ ይነሳል።

ለምን ኪቦርዱ ይምራ? ብቻህን ስለምትጫወት ነው። ታፕ ቴምፖህ፣ ሲንክ ስታርትህ፣ ሬጅስትሬሽን (የኪቦርዱ የሴቲንግ ማስቀመጫ) ውስጥ ያስቀመጥከው የየዘፈኑ ፍጥነት ሁሉ ያለው እሱ ጋ ነው። ድራም ማሽኑን መሪ ካደረግከው ሬጅስትሬሽን በቀየርክ ቁጥር ቴምፖውን በእጅህ ማስተካከል ሊኖርብህ ነው። እልልታው ሲቀልጥ ሙዚቃውን ትንሽ ፈጠን ማድረግ ስትፈልግስ? ኪቦርዱ መሪ ከሆነ አንድ ቁልፍ ነው፤ ማሽኑ ይከተላል። ማሽኑ ይምራ የምለው አጠገብህ ሌላ ሰው ቆሞ እሱን ብቻ የሚቆጣጠር ከሆነ ነው።

አሁን ወደ ጫጫታው። ሚዲ 16 ቻናል አለው። የቀኝ እጅህ ኖት በአንዱ ይወጣል፣ የግራ እጅህ በሌላው። የያማሃ ስታይል ክፍሎች ደግሞ ከ9 እስከ 16 ያሉትን ይይዛሉ፤ ሪዝም 1 ዘጠኝ ላይ፣ ሪዝም 2 አሥር ላይ፣ ቤዝ አሥራ አንድ ላይ፣ ከዚያ ኮርዶቹ፣ ፓዱና ፍሬዞቹ። ድራም ማሽንህ ኦምኒ ላይ ከሆነ የሁሉንም ቻናል ኖት ይሰማል። ሜሎዲህ ውስጥ ያለችውን ኖት ኪክ ያደርጋታል፣ ቤዙን ቶም ያደርገዋል። "አብሮኝ ይንጫጫል" ያልከው ይህን ነው። ማሽኑ አልተበላሸም፤ የላክህለትን ነው የመታው።

ስለዚህ ማሽኑን ከኦምኒ አውጥተህ ቻናል 10 ላይ አስቀምጠው። በተጨማሪ ኪቦርዱ ላይ ሚዲ ውስጥ ትራንስሚት የሚለው ገጽ አለ። እዚያ የትኛው ክፍል በየትኛው ቻናል እንደሚወጣ ትወስናለህ። የማያስፈልገውን ሁሉ ዝጋ። ይህ ለንጽሕና ብቻ አይደለም። በባለ አምስት እግሩ ገመድ አንድ ኖት ለመሄድ አንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፤ ኖቶቹም ተሰልፈው ነው የሚሄዱት። ኮርድ፣ ቤዝ፣ ፓድና ድራም በአንድ ቢት ላይ አሥር ኖት ቢሆኑ የመጨረሻው አሥር ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ያ የመጨረሻው ኪኩ ከሆነ ሙዚቃህ ለምን እንደላላ ሳታውቀው ታመሻለህ።

ከክሎኩ በቀር እዚህ ድረስ ለሁለቱም መንገድ እኩል ነው። ከዚህ በኋላ ይለያያሉ።

ድምፁን ነው የምፈልገው ካልክ፣ ትራንስሚት ገጽ ላይ ሪዝም 2 ብቻ በቻናል 10 ይውጣ። ማሽኑም ቻናል 10 ላይ ይስማ። ክሎክ በዚህ መንገድ አያስፈልግህም፤ እንዲያውም ትራንስሚት ክሎክን ዝጋው። ካልዘጋኸው ማሽኑ የስታይሉን ኖት እየመታ በጎን የራሱን ፓተርን ያስነሳልሃል። ሁለት ድራመር ማለት ነው።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ምን መሰለህ? ስታይሉ የሚያደርገውን ሁሉ ማሽኑ ያደርጋል። ሜይን ቢ ስትጫን ምቱ ይቀየራል። ፊል ስትጫን ፊሉ በማሽኑ ድምፅ ይወጣል። ኢንዲንግ ላይ በሥነ ሥርዓት ይዘጋል። እግርም እጅም ሳይጨመር። ብቻውን ለሚጫወት ሰው ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ያለምንም ማመንታት ይህንን እመርጣለሁ።

ሁለት እንቅፋት ግን አለ። የመጀመሪያው የኪቦርዱን የራሱን ድራም ዝም ማሰኘት ነው። ሚክሰሩ ላይ ሪዝም 2ን ኦፍ ብታደርገው ኖቱ ራሱ ወደ ውጭ መሄዱን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ኦፍ ከማድረግ ይልቅ ቮልዩሙን ዜሮ አውርደው። ያን ጊዜ ድራም ማሽኑም አብሮ ዝም ካለ የቮልዩም መልእክቱ በገመዱ ሄዶበታል ማለት ነው። ትራንስሚት ገጽ ላይ በዚያው ቻናል ሲሲ (እንደ ቮልዩም ያሉ መቆጣጠሪያዎች) የሚለውን ምልክት አንሳና ኖት የሚለውን ብቻ ተው። ፒሲ (የድምፅ መቀየሪያ ትእዛዝ) የሚለውንም አብረህ አንሳው። ስታይል በቀየርክ ቁጥር የማሽኑ ኪት በገዛ እጁ እንዳይቀየር።

ሁለተኛው የኖት ቁጥር ነው። ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጄነራል ሚዲ የሚባለው ስምምነት ድራሞችን በቁጥር መድቧቸዋል። ኪክ 36፣ ስኔር 38፣ ዝግ ሃይሃት 42፣ ክፍት ሃይሃት 46፣ ክራሽ 49፣ ካውቤል 56 ነው። የያማሃ ስታይሎች ዋና ዋናዎቹን በዚሁ ቁጥር ነው የሚልኩት። ኤስአር-16 ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ፓድ የሚሰማበትን ቁጥር መለወጥ ትችላለህ። ስኔር መምጣት ሲገባው ካውቤል ከመጣ ፓዱን ፈልገህ ቁጥሩን አስተካክል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ቡና አፍልተህ ተቀመጥበት። አንዴ ነው የምትሠራው። ያማሃ ለብራሽና ለመሳሰሉት ከ35 በታች ያሉ ኖቶችንም ይጠቀማል። ማሽንህ እነሱን ላያውቃቸው ይችላል። ዝም ካሉ ተዋቸው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ብዙ ስታይል ውስጥ ዋናው ድራም ሪዝም 2 ላይ፣ ሻከሩና ኮንጋው ሪዝም 1 ላይ ነው። ሪዝም 1ን ኪቦርዱ ውስጥ ተወው። ኪክና ስኔሩ ከማሽኑ፣ ፐርከሽኑ ከኪቦርዱ ሲመጣ ድምፁ ሰፋ ይላል። ሁሉንም ነገር ወደ ማሽኑ ማዛወር ግዴታ የለብህም።

አይ፣ እኔ የማሽኑን አመታት ነው የወደድኩት ካልክ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ትራንስሚት ክሎክ ኦን ይሁን። ኖት መላኩን ዝጋ። ድራም ማሽኑ የራሱን ፓተርን ይጫወት። ኪቦርዱ ላይ ሪዝም 1ንና ሪዝም 2ን ኦፍ አድርግ፤ እዚህ ላይ ኦፍ ማድረግ ችግር የለውም። ይህንኑ ከስታይሉ ጋር ሬጅስትሬሽን ውስጥ አስቀምጠው። አለበለዚያ ስታይል በቀየርክ ቁጥር ድራሙ ተመልሶ ሊመጣብህ ይችላል። በጣም ለምትጫወታቸው ዘፈኖች የስታይሉን ቅጂ ያለ ድራም በራስህ ስም ዩዘር ውስጥ ብታስቀምጠው ደግሞ የበለጠ ያርፍልሃል።

አሁን ያ አጨብጫቢ መጣ። ኪቦርዱ ላይ ፊል ስትጫን ድራም ማሽኑ አያውቅም። ሜይን ዲ ስትገባ አያውቅም። ብሬክ ስታደርግ ኪቦርዱ ጸጥ ሲል እሱ ይቀጥላል። የከፋው ኢንዲንግ ነው። ኪቦርዱ እያሳረገ፣ የመጨረሻውን ኮርድ እየያዘ፣ ማሽኑ ምንም እንዳልተፈጠረ ይደበድባል። የአቁም ትእዛዙ የሚሄደው ስታይሉ ሙሉ በሙሉ ሲያበቃ ነው።

ለዚህ ኤስአር-16 ራሱ መላ አለው። ከጀርባው ሁለት የፉትስዊች ቀዳዳ አለ። አንዱ ለማስነሳትና ለማቆም ነው። ሌላው ከኤ ወደ ቢ ለመሻገርና ፊል ለማስመታት። እያንዳንዱ ፓተርን ኤ እና ቢ አለው፤ በመካከል የሚገባ ፊልም አብሮት አለ። እግርህን ፊሉ ላይ፣ እጅህን ኪቦርዱ ላይ ማለማመድ ነው። ሰስቴይን ፔዳልም፣ ቮልዩም ፔዳልም የምትረግጥ ከሆነ ግን እግርህ ይበዛበታል። ለኢንዲንግ የምመክርህ ቀላሉ መንገድ ኢንዲንጉን ስትጫን በዚያው ቅጽበት ማሽኑን በእግር ማቆም ነው። ኪቦርዱ ብቻውን ያሳርግ። የድራም መዝጊያ ከፈለግክ ኢንዲንጉ ውስጥ ያለውን የኪቦርዱን ሪዝም አትዝጋው። የስታይሉን ቅጂ ስትሠራ ከሜይኖቹ ላይ ብቻ ድራሙን አጥፋና ኢንትሮውንና ኢንዲንጉን እንዳሉ ተዋቸው።

ይህ መንገድ ይከብዳል ብዬ ግን ላጣጥለው አልፈልግም። ማሽን ማሽን ሆኖ ሲመታ የራሱ ውበት አለው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ሆኖ ብቻውን በአኮርዲዮን፣ በኪቦርዶችና በድራም ማሽን የቀረጸውን አልበም ስማ። እዚያ ማሽኑ ድራመር ለመምሰል አይጨነቅም። ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ሕይወቱን የሚሰጠው አኮርዲዮኑ ነው። ለዝግታ ዘፈን፣ ለትዝታ፣ እንግዳው ምሳ ሲበላ ለሚጫወት ሙዚቃ እንዲህ ያለ ያልተወሳሰበ ምት ይበቃል። ጭፈራው ሲጀመር ወደ መጀመሪያው መንገድ ትመለሳለህ። ሁለቱን ሴቲንግ በየስሙ ሚዲ ቴምፕሌት አድርገህ ማስቀመጥ ስለምትችል መቀያየሩ አያስቸግርህም።

ችክችካው ለምን እምቢ እንዳለህ ልንገርህ። ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ብዙ ሰው የሚያናድድ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም መሣሪያ ትክክል ሆነው ነው የሚለያዩት።

ክሎኩ የሚቆጥረው በኳርተር ኖት መሆኑን አትርሳ፤ በእያንዳንዱ 24። 6/8 ተብሎ የተሠራ ስታይል አንድ ባር ስድስት ኤይትዝ (የኳርተር ግማሽ) ነው፤ ሦስት ኳርተር ማለት ነው። ባሩ 72 ክሎክ ይፈጃል፤ እያንዳንዱ ኤይትዝ 12። አሁን ድራም ማሽኑ ላይ የመረጥከው ፓተርን 4/4 ሆኖ በትሪፕሌት (አንዱ ቢት ለሦስት እኩል ተከፍሎ) የተሠራ ነው እንበል። ስትሰማው ያው ችክችካ የሚመስል የሦስት የሦስት አካሄድ ነው። ግን እዚህ እያንዳንዷ የትሪፕሌት ምት የምትወስደው 8 ክሎክ ብቻ ነው። ኪቦርዱ 12 ሲቆጥር ማሽኑ 8 ይቆጥራል። ስለዚህ ማሽኑ አንድ ተኩል እጥፍ ፈጥኖ ይበራል። ቴምፖውን ብትቀንሰው ሁለቱም አብረው ይቀንሳሉ። ልዩነቱ አይጠፋም። ሰው እዚህ ላይ ነው "ሲንክ አይሠራም" ብሎ ገመዱን የሚነቅለው።

መጀመሪያ ስታይልህ እንዴት እንደተሠራ ስክሪኑ ላይ እይ። ከሰው ወደ ሰው በፍላሽ የሚዞሩት የእኛ ስታይሎች ወጥ አይደሉም። አንዱ በ6/8፣ ሌላው በ3/4፣ ሌላው በ4/4 ትሪፕሌት ነው የተሠራው። ጭፈራው በእግር 120 የሚረገጥ ከሆነ፣ የ4/4 ትሪፕሌቱ ቴምፖ በኳርተር 120 ነው። የ6/8ቱ ግን በኳርተር ሲቆጠር 180 ይሆናል። አንዱን ዘፈን በሁለቱም ስታይል ሞክረህ አንዱ በጣም የዘገየ ከመሰለህ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከዚያ የድራም ማሽኑን ፓተርን ከስታይሉ ጋር አንድ ዓይነት አድርገህ ራስህ ሥራ። ስታይሉ 6/8 ከሆነ ኤስአር-16 ላይ ባዶ ፓተርን ክፈትና ርዝመቱን 6 ቢት አድርገው፤ ሁለት ባር ይሆንልሃል። ኳንታይዙን (ምቱን ወደ ልክ ቦታው የሚስበውን) ኤይትዝ ላይ አስቀምጥ። ስታይሉ 4/4 ትሪፕሌት ከሆነ ርዝመቱ 4 ወይም 8 ቢት ይሁን፤ ኳንታይዙ የኤይትዝ ትሪፕሌት። ባለ 16 ስቴፕ ማሽን ያለው አንባቢ ደግሞ የመጨረሻውን ስቴፕ 12 ላይ ይቁረጠው። 12 ሲክስቲንዝ ማለት ሦስት ኳርተር ነው፤ አንድ የ6/8 ባር በልኩ ይገባል።

ለአመታቱ መነሻ ልስጥህ። ከአንድ እስከ ስድስት ቁጠር። ኪክ አንድና አራት ላይ። ሃይሃት ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር እያለ ይሂድ፤ ማለትም አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት ላይ። ሦስትና ስድስት ላይ ያሉትን ቀለል አድርገህ ምታ። ሁሉም እኩል ከጠነከሩ የልብስ ስፌት መኪና ነው የሚመስልብህ። ጭብጨባውን የዘፈኑ ስሜት የሚወስደው ቦታ ላይ አንተው ጨምር፤ የጎንደሩና የወሎው አንድ አይደለም። ኳንታይዝ መቶ በመቶ ሲሆን የሚደርቅ ከመሰለህ ኪኩን ብቻ ኳንታይዝ አድርገህ ሃይሃቱን በእጅህ እንደመታኸው ተወው። ለጉራጊኛም ሆነ ለትግርኛ የመጀመሪያው ሥራ ያው ነው። ዙሩ ስንት ምት እንደሆነ በእጅህ እያጨበጨብክ ቁጠር፤ ከዚያ የፓተርኑን ርዝመት በዚያው ልክ ቁረጥ።

ስለ ከበሮ ድምፅም ሳላነሳ አላልፍም። ኤስአር-16 ውስጥ የእኛ ከበሮ የለም፤ ሳምፕል የሚቀዳ ማሽንም አይደለም። ኮንጋን ወይም ፍሎር ቶምን ፒቹን ዝቅ አድርገህ ማቀራረብ ትችላለህ። ይመስላል፤ ግን ከበሮ አይሆንም። ከስታይሉ ድራም የሰለቸህ ዋናው ነገር የከበሮው ጉዳይ ከሆነ መፍትሔው ሌላ ቦታ ነው። ያማሃ ኤክስፓንሽን ማኔጀር የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም አለው። የምታውቀውን ከበሮ መቺ ለምነህ ጥቂት ጥሩ ምቶች ቅዳ፤ የጥፊውን፣ የመሐሉን፣ የጠርዙን። ከዚያ በዋቭ ፋይል ወደ ኤስኤክስ700 አስገብተህ የራስህን የድራም ኪት ሥራ። ስታይል ክሪኤተር ውስጥ ገብተህ ሪዝም 1ን በዚያ ኪት ካደረግከው ከበሮው ከኪቦርዱ፣ ኪክና ስኔሩ ከድራም ማሽኑ ይወጣል። እንዲህ የተሠራ ድምፅ አዳራሽ ውስጥ የሚሰጠውን ግርማ አንድ ቀን ራስህ ትሰማዋለህ።

ድምፁን ወደ ስፒከር ስለማድረስ ባጭሩ። ኪቦርድህ ኦክስ ኢን አለው፤ ድራም ማሽኑን እዚያ ሰክተህ በአንድ መውጫ መሄድ ይቻላል። ቤት ውስጥ ለመለማመድ ጥሩ ነው። አዳራሽ ላይ ግን አታድርገው። ኪኩ ሲበዛ ሳውንድ ማኑ ድራሙን ብቻ መቀነስ አይችልም፤ አብሮ ኪቦርድህን ይቀንስብሃል። ለድራም ማሽኑ ሚክሰሩ ላይ የራሱን ቻናል ጠይቅ። ኤስአር-16 ከዋናው መውጫ ሌላ ኦክስ መውጫም ስላለው ኪኩን ለብቻው አውጥተህ ለሳውንድ ማኑ ልትሰጠው ትችላለህ። ያመሰግንሃል። ኧረ አንዳንዱ አያመሰግንም፤ ቻናል አበዛህብኝ ብሎ ይነጫነጫል። ቢሆንም ስጠው። የ"ኡኡኡ" ድምፅ ከመጣ ሁለቱን መሣሪያ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክተህ ሞክር፤ ካልለቀቀ ዲአይ ቦክስ (መሣሪያውን ከሚክሰሩ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) በመካከል አስገባ።

የኃይል ነገርም አለ። መብራት ሄዶ ጀነሬተር እስኪነሳ ባለው ጊዜ ሁለቱም መሣሪያ ይጠፋሉ። ሲመለሱ ድራም ማሽኑ የትኛው ፓተርን ላይ፣ የትኛው ክሎክ ላይ እንደሚነሳ ቤትህ ሆነህ ገመዱን ነቅለህ ሰክተህ አስቀድመህ እወቅ። ያገለገለ ስለገዛህ አዳፕተሩንም አደራ። ማሽኑ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቮልትና ዓይነት ከአዳፕተሩ ጋር አመሳክር። ኤሲ የሚፈልግ ማሽን አለ፣ ዲሲ የሚፈልግ አለ። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም።

ይህን የምታነቡ ባለ አነስተኛ ኪቦርዶችም አላችሁ። ባለ አምስት እግር ቀዳዳ ከሌለውና ያለው ባለ አራት ማዕዘን ዩኤስቢ ብቻ ከሆነ፣ ኪቦርዱንና ድራም ማሽኑን በቀጥታ በዩኤስቢ ማገናኘት አይሠራም። ሁለቱም ኮምፒውተር የሚጠብቁ ናቸው። በመካከል ላፕቶፕ ወይም ዩኤስቢ ሚዲ ሆስት የሚባል ትንሽ ሳጥን ያስፈልጋል።

ዘመናዊውን ልግዛ ወይ ላልከው፣ አሁን አትግዛ። ትልልቆቹ አዳዲስ ማሽኖች የራስህን ሳምፕል ይጭናሉ፣ በርካታ መውጫ አላቸው፣ እጅ ላይም ደስ ይላሉ። ክሎኩ ግን ያው 24 ነው። ቻናሉም ያው 16 ነው። አሁን ያጋጠመህ ሁሉ እዚያም ያጋጥምሃል። መጀመሪያ በድምፁ መንገድ ሁለት ሦስት ሠርግ ሥራበት። ከዚያ በኋላም "የራሴን ከበሮ ማሽኑ ላይ መጫን አለብኝ" ካልክ ሳምፕል የሚቀበለውን ፈልግ። እስከዚያው ገንዘቡን ለጥሩ ሚዲ ገመድ፣ ለመጠባበቂያው ሁለተኛ ገመድና ለአንድ ጠንካራ ፉትስዊች አውለው።